እየረሱ መጻፍ

ይህን የምጽፈው እየጻፉ መርሳት ላስቸገራቸው ሰዎች ነው። ልብ ወለድ ጻፉ፣ ድራማ ጻፉ፣ የቤተሰባቸውን ታሪክ በደብተር ያዙ፣ ለውጥ የለውም። በተለይ ደግሞ መርሳታቸውን ከሰው ለመደበቅ ጉልበታቸውን ለሚጨርሱት ነው። እኔ በዚህ ውስጥ አልፌያለሁ። ዛሬም እንደ ድሮዬ አላስታውስም። ግን እጽፋለሁ። የምተርክበት መንገድ ተለውጧል እንጂ ብዕሬ አልቆመም። ምን እንደተለወጠና ምን እንደረዳኝ ልንገራችሁ።

ሥራዬ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ መጻፍ ነው። በሳምንት አንድ ክፍል ይተላለፋል። ሥራውን የሞከረ ያውቀዋል። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ምስጢር በማን እጅ እንዳለ፣ የቷ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች፣ ሁሉንም መያዝ ይጠይቃል። ለብዙ ዓመት ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ ሠርቻለሁ። ወረቀት ላይ የማሰፍረው ንግግሩን ብቻ ነበር። ሰዎቹ ሌት ተቀን አብረውኝ ስለሚውሉ ይጠፉኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መጀመሪያ የከዱኝ ስሞች ናቸው። አንደኛው ገጽ ላይ በላይነህ ያልኩት ሰውዬ ሦስተኛው ገጽ ላይ በላቸው ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ ቃላት መሄድ ጀመሩ። አንዲት ሴት ምስር ስታበጥር እየጻፍኩ "ሰፌድ" የሚለው ቃል ጠፋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በእጄ የያዝኩት ዕቃ ነው። ቅርጹ ይታየኛል፣ የስንደዶው ቀለም ይታየኛል፣ ስሙ ግን የለም። "እንትኗን አነሳችና" ብዬ አለፍኩት። በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ረቂቁ በእንትን ተሞላ። ስመለስበት ግማሹ ምን እንደነበረ አላውቀውም።

ቤት ውስጥም ያው ነው። የጣድኩት ያርራል። አንድ ሰው ጋር ሁለቴ ደውዬ አንዱን ወሬ ሁለቴ አወራለሁ። ደግሞ ይበርደኛል። ሰው በሸሚዝ በሚሄድበት ቀን እኔ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፈው። እንቅልፍ አልጠግብም። ፊቴ ጠዋት ጠዋት ያብጣል። ለዚህ ሁሉ መልስ የሌለው ሰው አልነበረም። አንዱ "ዕድሜ ነው" ይላል። ሌላው "ሐሳብ ስለምታበዢ ነው" ይላል። ጠበል የመከሩኝም አሉ። እኔም ሐሳብ ነው፣ ድካም ነው እያልኩ ቆየሁ።

የነቃሁት ስቱዲዮ ውስጥ ነው። የድራማው ዋና ሴት ታላቅ ወንድም ነበራት። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሞቶ፣ ተለቅሶለት፣ ሰልስቱ ወጥቶ አልቋል። በዚያን ቀን ይዤ በገባሁት ጽሑፍ ይኸው ወንድሟ ስልክ ይደውልላታል። እንዴት አደርሽ ይላታል፣ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። ተዋንያኑ ወረቀቱን ተቀባብለው ዝም አሉ። በመጨረሻ ትልቋ ተዋናይት መነጽሯን አውልቃ፣ "ልጄ፣ እሱን እኮ ቀብረነዋል። አልቅሼለት ድምፄ ተዘግቶ ነበር" አለችኝ።

ማንም አልሳቀም። ቀረጻው ለዚያ ቀን ቀረ። እሷ ግን ክንዴን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ስለ ድራማው አንድ ቃል አላነሳችም። "ድምፅሽ ተለውጧል፣ ጎርንኗል። ከቆየ ቆይቷል፣ ዝም ብዬሽ ነው። እናቴ እንዲህ አድርጓት ታይሮይድ ነው ተብላለች። ደምሽን ተመርመሪ" አለችኝ። ዕድሜዋን በሙሉ በድምፅ የሠራች ሴት ናት። ሐኪም ሳያየኝ በፊት እሷ ሰማችኝ።

ምርመራው የደም ምርመራ ብቻ ነው። ቲኤስኤች ይሉታል። ውጤቱ ሲመጣ አንገቴ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን በጣም ቀንሷል። ሐኪሙ ሲያስረዱኝ ይህ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ሲያንስ ሰውነት በጠቅላላ ይዘገያል አሉ። ብርድ፣ ድካም፣ የሰውነት ክብደት መጨመር፣ የቆዳ መድረቅ፣ የድምፅ መጎርነን፣ መርሳት፣ ሁሉም አብሮ ይመጣል። ሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል። ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን አዘዙልኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ እኔን ብዙ ጊዜ አስከፍሎኛልና። ኪኒኑ የሚዋጠው በባዶ ሆድ፣ በውኃ ነው። ከቁርስ በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት። ቡናም እንደ ቁርስ ይቆጠራል። ቡና መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። የኛ ቤት ቡና ደግሞ ከነግህ ጀምሮ ነው። ኪኒኗን በመጀመሪያው ሲኒ ስውጥ ከርሜ፣ በቀጠሮዬ ስመረመር ቁጥሩ ብዙም ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ "በምን ነው የሚውጡት?" ብለው የጠየቁኝ ያኔ ነው። የደም ማነስ ኪኒን ወይም ካልሲየም የምትወስዱም ካላችሁ ከዚህኛው ጋር ቢያንስ በ4 ሰዓት ማራራቅ ይገባል። ለውጡን ለማየትም ትዕግሥት ይፈልጋል። ደሙ እንደገና የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይኸው ነው። መርሳት ሲጀምራችሁ "አርጅቻለሁ" ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ተመርመሩ። ታይሮይድ አንዱ ምክንያት ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያስረሳል። ይህ ቫይታሚን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሚገኝ እነዚህን ለረጅም ጊዜ የማይበላ ሰው ለሐኪሙ ይንገር። እንቅልፍ ማጣት፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ብዙዎቹ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ጠበሉንም ሂዱ፣ ምርመራውንም አትተዉ።

ብርዱ ለቀቀኝ፣ ድምፄ ተመለሰ፣ ቃላትም ቀስ በቀስ መጡ። ሁሉም ግን አልመጣም። እንደ ድሮው ድራማውን በሙሉ በቃሌ ይዤ መዞር አልቻልኩም። ዛሬም አልችልም። ሦስት ትውልድ የሚሸፍን፣ ብዙ ሰው የሚርመሰመስበት ልብ ወለድ ጀምሬ ነበር። ክሮቹን አንድ ላይ መያዝ አቃተኝና ተውኩት። መርሳት ለጸሐፊ ስጦታ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ያንን መጽሐፍ እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ። የምነግራችሁ መርሳት ጥሩ ነው ብዬ አይደለም። ከመጣ በኋላ ግን አብሮት የሚሠራበት መላ አለ፣ እሱን ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ይህን ብሂል ለታሪክ መጻሕፍት የተባለ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ለእኔ የተባለ ነው። ወፍራም የተማሪ ደብተር ገዛሁና "የሰዎች መዝገብ" አልኩት። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ። ስም፣ የቤት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ማንን "እርስዎ" ማንን "አንተ" እንደሚል፣ ለማን ምን ዕዳ እንዳለበት። የአነጋገሩን አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ ድምፁ እንዲመለስልኝ። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ገጹን ለሁለት ከፍዬ በአንድ ወገን የሚያውቀውን፣ በሌላ ወገን የማያውቀውን መጻፌ ነው። የሚረሳ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አባትየው ገና ያልሰማውን ምስጢር በአፉ ያናግረዋል። በየትኛው ክፍል ላይ ማን ምን እንደሰማ ከተጻፈ ይህ አይደርስም።

ዕድሜም ያስቸግራል። እኛ ደግሞ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዘን ነው የምንኖረው። ሰውዬው በ1966 ዓ.ም. ተወለደ ብላችሁ፣ ልጁ ውጭ አገር በ2010 እ.ኤ.አ. ሄደ ብላችሁ ብትጽፉ፣ መደመርና መቀነሱ ላይ ትወድቃላችሁ። ልዩነቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 8 ዓመት ነው። እኔ አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ዓመታቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፌ የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ ከሥሩ አሰፈርኩ። ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ቤተሰቡ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ግራ ገብቶት ነበር፣ አሁን ለምዶታል።

ማስታወሻ ስትይዙ ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በደረሰኝ ጀርባ ላይ "ቀይ ሻሽ፣ ማክሰኞ" የሚል በገዛ እጄ የተጻፈ አግኝቻለሁ። ሲጻፍ ዓለም የሚያክል ሐሳብ ነበር። አሁን ግን ሻሹ የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ዛሬ "ሙሽራዋ ማክሰኞ ገበያ ላይ ቀይ ሻሽ የምታስረው ባሏ ከሩቅ እንዲያያት ነው" ብዬ እጽፋለሁ። ማን፣ የት፣ ለምን። መንገድ ላይ ከሆንኩ በስልኬ በድምፅ ቀድቼ በቴሌግራም ለራሴ እልካለሁ። ማታ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ። ደግሞ አታቆዩት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ራሱን እየፈተነ ያየው ይህንኑ ነው። ትርጉም የሌላቸው ቃላት እያጠና ምን ያህሉ እንደሚቀሩ ይለካ ነበር። ሰው ካጠናው የሚበዛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ጤነኛውም ይረሳል ማለት ነው። እኛ ትንሽ እንፈጥናለን።

ከጽሑፍ ስትነሱም ትዕይንቱን አትጨርሱት። እኔ መሀል ላይ አቆማለሁ። ከሥሩ "ቀጥሎ በሩ ይንኳኳል፣ የሚገባው ዕዳ ጠያቂው ነው፣ እሷ ገንዘቡን ፍራሽ ሥር እንደደበቀች እሱ አያውቅም" ብዬ እጽፋለሁ። በማግስቱ ባዶ ገጽ ፊት ቁጭ ብሎ ትናንትን ከማሳደድ ያድናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መዝገቡም ቢሆን ሰዎቹን ከወረቀት ላይ ቶሎ እንድለያቸው አላደረገኝም። ገጽ ስከፍት ማን እየተናገረ እንደሆነ ስሙን ሳላይ ማወቅ ፈለግሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው አንድ የሚሰማ ነገር ሰጠኋቸው። ሽማግሌው ከመናገራቸው በፊት ከዘራቸውን መሬት ላይ ኳ ያደርጋሉ። አከራይዋ የቁልፍ ዘለላ ይዛ ነው የምትገባው። ታናሽየው ወሬ ሲጀምር የማንኛውንም ነገር ዋጋ ይጠይቃል፣ "ስንት ገዛሽው?" ሳይል አያልፍም። ይህን ያደረግሁት ለራሴ ነው። እኔ እንዳልሳሳት።

ትንሽ ቆይቶ አድማጮች መደወል ጀመሩ። ድራማው አሁን ተጨበጠልን፣ ሰዎቹን ለየናቸው ይላሉ። አንዲት ሴት ከሥራ እየወጣች ታክሲ ውስጥ ነው የምትሰማው። መጀመሪያውን አትደርስበትም፣ አንዳንዱን ሳምንት ጭራሽ ያልፋታል። የከዘራውን ኳታ ስሰማ ግን የት እንደደረስን አውቃለሁ አለች። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የሬዲዮ አድማጭ ገጽ ገልጦ ወደ ኋላ አይመለስም። ከሳምንት እስከ ሳምንት ሥራ አለው፣ ልጅ አለው፣ ሐሳብ አለው። ይረሳል። እኔ በቃሌ ሁሉን ይዤ በምጽፍበት ዘመን አድማጩም እንደኔ የያዘ ይመስለኝ ነበር። ለማስታወስ የሚረዳኝ ሁሉ እሱንም ይረዳዋል። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። "ተረት ተረት" ብለው "የላም በረት" እስክንል ይጠብቃሉ። ቀበሮዋ ሦስት ጊዜ ትሄዳለች፣ ሦስት ጊዜ ያንኑ ቃል ትናገራለች። ልጅ ሆኜ ድግግሞሹ ለማስተኛት ይመስለኝ ነበር። ወረቀት የሌለው ተራኪና ወረቀት የሌለው ሰሚ አብረው እንዳይጠፉ የሠሩት ዘዴ ነው።

ስለዚህ አጻጻፌ ተለወጠ። ክፍሎቼ አጠሩ። በአንድ ክፍል የሚንቀሳቀሰው ሰው ከአራት አይበልጥም። የሩቅ ታሪክ በረጅሙ አላስተርክም፣ ያለፈው ጣጣ በዕቃ ላይ እንዲታይ አደርጋለሁ። ያልተከፈለ የዕቁብ ደብተር፣ ያልተመለሰ ምጣድ። ዕቃው ሲነሳ ጠቡ አብሮ ይነሳል። እኔም አልረሳውም፣ ሰሚውም አይረሳውም።

የእንትን ነገርም አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. ካናዳ የሚገኘው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን ልብ ወለዶች በኮምፒውተር ፈትሸው ነበር። በስተርጅና በጻፈቻቸው ላይ የቃላቷ ዓይነት ሳስቷል፣ እንደ "ነገር" ያሉ ደፈናዊ ቃላት ግን በዝተዋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ረቂቄን ስጨርስ "ነገር"፣ "ነገርየው"፣ "እንትን" የሚሉትን በኮምፒውተር ፈልጌ አንድ በአንድ አያለሁ። የሚተካ ቃል ካልመጣልኝ ሰው እጠይቃለሁ። የማድ ቤት ዕቃ ከሆነ እናቶችን፣ ጋራዥ ከሆነ መካኒኩን። "ይቺን ዕቃ ምን ትሏታላችሁ?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ብዙ ጊዜ እኔ ከረሳሁት ቃል የተሻለ ቃል ይዤ እመለሳለሁ።

ከሁሉ ብዙ ያስተማረኝ ግን ድራማው ሳይሆን የልጅነት ማስታወሻዬ ነው። ታምሜ ቤት በዋልኩበት ጊዜ ስለ እናቴ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ደሴ ነው ያደግነው፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ ሕፃን ነበርኩ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጥቷል። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በዚያ ዘመን ነው። እኔም ጻፍኩት። ማታ ነው፣ ኩራዝ በርቷል፣ እማዬ ጎንበስ ብላ በጣቷ ሀ ሁ ሂ እያለች ትከተላለች፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ነው። ወደድኩት። ሳነበው እንባዬ ይመጣ ነበር።

ታላቅ እህቴን እትዬ እላታለሁ። ደውዬ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "እማዬ መቼ ነው ማታ የተማረችው?" አለች። "ቀበሌ አዳራሽ ነበር፣ በቀን። ኩራዙ ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ። የቤት ሥራ ስሠራ እሷ ከፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ትፈትል ነበር። ፊደሉን መጀመሪያ የለየችው ያኔ ነው፤ ገልብጣ። የኔ ደብተር ለሷ ተገልብጦ ነው የሚታያት። አዳራሽ ሄዳ መጽሐፍ ሲሰጧት አዙራ ያዘችው። አላስታወስሽም?"

አላስታወስኩም። ኩራዙን አስታውሳለሁ፣ እማዬን አስታውሳለሁ። መሀል ያለው ጠፍቶ ነበር። የጠፋውን የሞላሁት በዚያ ዘመን ግድግዳ ላይ ሁሉ ይለጠፍ በነበረ ሥዕል ነው፣ ጎንበስ ብላ የምታነብ እናት። የማንም እናት ልትሆን ትችላለች። የኔዋ እንዝርቷን እያሾረች፣ ከልጇ ደብተር ላይ ፊደል በግልባጩ የሰረቀችው ሴት ናት።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ጽፏል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ተረት ለእንግሊዛውያን ሰጥቶ ቆየት እያለ በቃላቸው ያስደግማቸው ነበር። ያሳጥሩታል፣ እንግዳ የሆነባቸውን ይጥላሉ፣ በለመዱት ይተኩታል። ግንድ ተቦርቡሮ የሚሠራው ታንኳ ተራ ጀልባ ይሆናል። እኔም ያደረግሁት ይኸው ነው። የጠፋው ነገር በባዶነቱ አይቆይም፣ ሁሉም ሰው በሚያውቀው ነገር ይሞላል። የተሞላው ደግሞ ከእውነተኛው ይልቅ የጠራ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከልጅነታችሁ የምታስታውሱት ትዕይንት ከመጠን በላይ ካማረ ጠርጥሩት። ሥዕል የሚመስል ከሆነ፣ ሥዕል ሊሆን ይችላል።

እህቴ ለምን እንዳስታወሰች ስጠይቃት ሳቀች። አንድ ማታ የእማዬ እንዝርት ወድቆ ኩራዙን ገለበጠው፣ ጋዙ ደብተሯ ላይ ፈሰሰ፣ በማግስቱ አስተማሪዋ ገረፏት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እማዬ በሕይወት ሳለች እትዬ ይህን አንሥታባት ብታውቅም እማዬ "አላደረግሁም" ነበር የምትለው። ከዚያ ወዲህ የቤተሰብ ታሪክ ስጽፍ መጀመሪያ የምጠይቀው በዚያ ቀን የተጎዳውን ነው። ተገርፎ የነበረውን፣ ድርሻው የቀረበትን፣ ጫማ ያልተገዛለትን። ያ ሰው ሰዓቱን ያውቃል፣ የሽታውን ዓይነት ያውቃል። ወንድማችን ስለዚያ ማታ አንድም ነገር አያስታውስም። እሱ አልተገረፈም።

ስትጠይቁ የጻፋችሁትን አስቀድማችሁ አታንብቡላቸው። እኔ ለእትዬ ማንበቤ እንደ ዕድል ነው የሆነልኝ፣ ደፋር ስለሆነች ተቃወመችኝ። ብዙ ሰው ግን የሰማውን ያጸድቃል። "አዎ እንደሱ ነበር" ይላችኋል፣ ከዚያ በኋላ የናንተን ፈጠራ እንደ ራሱ ትዝታ ይዞ ይቀራል። "እማዬ ፊደል የቆጠረችው እንዴት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ።

አሁን በረቂቄ ላይ ሦስት ቀለም እጠቀማለሁ። የማስታውሰው በጥቁር፣ ከሰው የሰማሁት በሰማያዊ፣ የገመትኩት በቀይ። ቀዩን ሁልጊዜ አልሰርዘውም። አንዳንዱን "እንዲህ ሳይሆን አይቀርም" ብዬ በግልጽ አስቀምጠዋለሁ። የማይሞላውን ደግሞ ክፍቱን እተወዋለሁ። እማዬ መጽሐፉን አዙራ ይዛ ሰዎች ሲያርሟት ምን አለች? አላውቅም፣ እትዬም አላየችም። መጽሐፌ ላይ "ምን እንዳለች የሚያስታውስ የለም" ብዬ ነው የጻፍኩት። አርታኢዬ ይህን መስመር እንዳታወጪው አለኝ። በፊት ቢሆን ለእናቴ አንድ ቆንጆ ንግግር ፈጥሬላት ነበር።

ብቻችሁን አትሥሩ። መደበቅ ብዙ ያስከፍላል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቼት በ2007 እ.ኤ.አ. የአልዛይመር ዓይነት በሽታ እንዳለበት ራሱ በአደባባይ ተናገረ። መተየብ ሲያቅተው ለረዳቱ እየነገረ፣ በንግግር በሚጽፍ ኮምፒውተር እየታገዘ በ2015 እስኪሞት ድረስ ጻፈ። የኔ ከሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግን ከሱ አንድ ነገር ወሰድኩ፤ ለሰው ነገርኩ። ለአዘጋጁ፣ ለተዋንያኑ፣ ለቤተሰቤ። የወንድሜ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የሳምንቱን ክፍል ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ሥራዋ ማድነቅ አይደለም፣ ለዚህም እከፍላታለሁ። ሦስት ጥያቄ ብቻ አላት። "አክስቴ፣ ይሄ ማነው?" "ይሄን በምን ዐወቀ?" "ባለፈው እንዲህ አልተባለም ነበር?" እንደዚህ ዓይነት ሰው ፈልጉ። የሥነ ጽሑፍ ዕውቀት አያስፈልገውም። ማፈር የሌለበትና ካለፈው ሳምንት የሚያስታውስ ይሁን።

በመጨረሻ ስለ ረቂቆቻችሁ። ኮሎምቢያዊው ደራሲ ጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ በስተርጅናው፣ ትዝታው እየከዳው ሳለ የጻፈው አንድ ልብ ወለድ ነበር። አይሆንም፣ ይጥፋ ብሎ ነበር። ልጆቹ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ በ2024 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ልክ ናቸው፣ ልክ አይደሉም በሚለው ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል። እኔ ቤተሰቤን እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ መክተት አልፈልግም። ስለዚህ በየረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቀኑን ጽፌ፣ "አልቋል፣ ይታተም"፣ "አላለቀም፣ ለቤተሰብ ብቻ"፣ ወይም "አይነበብ" የሚል አኖርኩ። ሦስት ትውልድ የሚለው ልብ ወለድ ላይ "አላለቀም" ብዬ ጽፌያለሁ። የወንድሜ ልጅ የት እንዳስቀመጥኩት ታውቃለች፣ የኮምፒውተሩ ይለፍ ቃልም እሷ ጋ አለ።

እናንተም ይህን ራሳችሁ ማድረግ በምትችሉበት ጊዜ አድርጉት። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።